የበላኝ ክኒን ነበር

ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ፀሐይ ስሞቅ የሰፈራችን ሯጮች በፊቴ ያልፋሉ። «እንደምን አደሩ አባባ!» ይሉኛል። እኔም ከዘራዬን ከፍ አድርጌ «ሂዱ ሂዱ፣ ጫማዬን አስሬ እደርስባችኋለሁ!» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ባለፈው ሰሞን ግን አንዱ እውነትም ጫማውን ሊያስር ከአጥሬ ሥር ቁጢጥ አለና ለጓደኛው ስለ አንድ መርፌ ሹክ ሲለው ሰማሁት። ጉልበት ይጨምራል፣ ማንም አያውቅብህም፣ ምንም አያደርግህም እያለ። ዓይኔ ደክሟል፣ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ልቤም ሲፈልግ ይመታል ሳይፈልግ ያርፋል፤ ጆሮዬ ግን እንዳለ ነው። ቀና ብዬ ልገሥጸው ስል አፌ ተያዘ። ምን ብዬ? በየትኛው አፌ?

እንግዲህ በአፌ ያልቻልኩትን በብዕር ልሞክረው። ሰው የሕመሙን ታሪክ ሲያወራ ብዙ ጊዜ ራሱን ጀግና ያደርጋል፤ ታመምኩ፣ ታገልኩ፣ ዳንኩ ይላል። የኔ እንደዚያ አይደለም። እኔ ታመምኩ፣ ዋሸሁ፣ ሌላ ሰው ተቀጣልኝ። ከዚያ ነው የዳንኩት።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ጣልያን ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። አባቴ የቁስቋም ቄሰ ገበዝ ነበር፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ሰው የሚፈራው ካህን። እኔን ዲያቆን ሊያደርገኝ ዳዊት አስደገመኝ፣ ዜማ ቤትም አስገባኝ። የኔታ ድምፄን ሰምተው ሰምተው አንድ ቀን አባቴን ጠሩትና «ቄሰ ገበዝ፣ ለዚህ ልጅ የተሰጠው እግር ነው» ብለው መለሱኝ። አልተሳሳቱም። ያኔ ያገራችን ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ በሩጫ ዓለምን ካስደነቀ ወዲህ እግር ያለው ሁሉ ሯጭ ነኝ ይል ነበር። እኔም አልኩ።

አዘዞ ካሉት ወታደሮች አንድ አሥር አለቃ ሯጮችን ሰብስቦ ያሠለጥን ነበር። በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ከፒያሳ ተነሥቶ አዘዞ ደርሶ የሚመለስ ውድድር ይደረጋል፤ አንደኛ የወጣው ጠቅላይ ግዛቱን ወክሎ አዲስ አበባ ይሄዳል ተባለ። ወደ አዘዞ ሲወርዱ መንገዱ ራሱ ይሸከማል። ሲመለሱ ግን ያው መንገድ ዞሮ ደረትን ይረግጣል። እኔ ቁልቁለቱን ማንም አይችለኝም ነበር። ዳገቱ ላይ የሚበልጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይርጋ።

ይርጋ የቀጥቃጩ የአያ ተሰማ ልጅ ነው። ቤታቸው ከከተማው በታች፣ ከወንዙ ማዶ ብቻዋን ናት። አባትየው ማረሻና ማጭድ ይሠራል፣ ልጅየው ተሸክሞ አዘዞና ጠዳ ገበያ ያደርሳል። ያን ብረት በጫንቃው አድርጎ የሚወጣውን ዳገት ባዶ እጁን ሲወጣው መሬት የሚነካ አይመስልም። ልምምድ ጨርሰን ውኃ ስንጠጣ ለሁላችን አንድ ጣሳ ነበረን፤ ለይርጋ ግን ከዛፍ የተንጠለጠለ የብቻው ጣሳ ነበረው። «የቀጥቃጭ ልጅ ዓይኑ ይበላል» ይባል ነበራ። እኔም ከዚያ ጣሳ ጠጥቼ አላውቅም። ለምን ብዬም ጠይቄ አላውቅም። ሁሉን ነገር የሚጠይቅ አፌ እዚያ ላይ ዝም አለ።

አንድ ቀን ከልምምድ ስንመለስ ገበያው ጥግ መድኃኒት ቤት ያለው ድሬሰር ጠራን። ሁለታችንንም አስገባና ከጠርሙስ ነጫጭ ክኒኖች ዘረገፈ።

«ይኼን የአስመራ መንገድ ሾፌሮች ናቸው የሚወስዱት» አለ። «ሳያንቀላፉ ሊማሊሞን ያቋርጣሉ። እናንተም ያው ናችሁ፤ ማኪና የላችሁም እንጂ።»

ይርጋ አንዱን አንሥቶ በጥፍሩ ፋቅ አደረገ፣ አሸተተ፣ መለሰው። «እኔ ብረት ሲግል እያየሁ ነው ያደግሁት» አለ። «ከልኩ አልፎ ከጋለ ፍንጣሪ ይተፋል። ያን ጊዜ ተቃጥሏል፤ ብትቀጠቅጠው ማረሻ አይወጣውም።»

እኔ ሳቅሁበት። «አንተ ብረት ነህ፣ እኔ ሥጋ ነኝ» ብዬ ወሰድኩ። ጥበበኛነቴን አያችሁልኝ?

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ሸጋ ነበሩ። ዳገቱ ሜዳ ሆነ። ድካም የሚባል ነገር ሌላ አገር ሄደ። እግሬ ብቻ ሳይሆን ምላሴም ይሮጥ ጀመር፤ ለፍየል ሳይቀር ወሬ እነግር ነበር። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ደግሞ ክኒኑ ረኀብን ስለሚያጠፋ እስከ ማታ ሳልቀምስ እውላለሁ። አባቴ ይህን ያያል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለካህናቱ «ልጄ እንደ ባሕታዊ ነው የሚጾመው፤ ዜማው ባይሆንለትም ጸጋው መጣለት» ሲል ከኋላው ቆሜ ሰማሁት። ዓይኖቹ ውኃ አቅርረው ነበር። ክኒኖቹን በክብሪት ሳጥን አድርጌ የደበቅኋቸው የት እንደነበር ልንገራችሁ? በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ። ማንም ያለእኔ የማይነካው ዕቃ እሱ ነበርና።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ሌላው ወገን መጣ። እንቅልፍ ጠፋ። ተኝቼ ልቤ ይሮጣል፤ ጥርሴን አፋጫለሁ፤ አፌ እንደ አመድ ይደርቃል። ሌሊት ሌሊት ጣራው ላይ ሰው የሚሄድ ይመስለኝና ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ እስኪነጋ እቀመጣለሁ። እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ምነው ልጄ፣ ምነው እንዲህ አለቅህ?» ትላለች። «ልምምዱ ነው» እላታለሁ።

አዘዞ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ወባ ነው ተባለ፤ መራራ መድኃኒት አጠጡኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ልቤ ባሰበት። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ደግሞ «ወባ አይደለም፤ መክሳቱንና ጥርስ ማፋጨቱን አታይም? ኮሶ ነው!» አለች። ኮሶ ጠጣሁ። ክኒኑ ያስቀረልኝን ሥጋ ኮሶው ወሰደው። ይህ ሁሉ ሲሆን ጠዋት ጠዋት ማኅደሩን እከፍት ነበር። ሦስት ሰው ሊያድነኝ ይታገላል፣ እኔ ከአራተኛው፣ ከድሬሰሩ ጋር ነኝ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ፤ ሁለት ዋጥኩ።

አዘዞ ድረስ መራሁ። ወታደሮቹ አጨበጨቡ፤ እጄን እያውለበለብኩ ዞርኩ። ዳገቱን እንደጀመርኩ የይርጋ እግር ኮቴ ከኋላዬ ተሰማኝ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ላብ የለኝም፣ ቆዳዬ ደርቋል። መንገድ ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች አብረውኝ መሮጥ ጀመሩ። እንግዳ ናቸው ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ከዚያ መሬቱ ተነሥቶ መታኝ።

አእምሮዬ አልጠፋም ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ይርጋ ሊያልፈኝ ይችል ነበር። ቆመ። በብብቴ ይዞ ወደ ጥላ ጎተተኝ፤ ዳር ከቆመች ሴት ቅል ተቀበለና ውኃውን በራሴ ላይ አፈሰሰው፣ የቀረውን ከንፈሬን አረጠበበት። ጎንበስ ብሎ ዓይኔን በጣቱ ገልጦ አየ። «ስንት ዋጥክ?» አለኝ። ፊቴን አዞርኩ። ቅሉን ለሴትዮዋ መልሶ ሮጠ፤ ቆሞም አንደኛ ወጣ። ሴትዮዋ ቅሉን ድንጋይ ላይ ሰበረችው።

ሰዉ ያየው ሌላ ነገር ነው። «ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ሲተክልበት አየነው» አሉ።

በቃሬዛ ቁስቋም ቤታችን አደረሱኝ። ክኒኑ ገና አልበረደም፤ ያለማቋረጥ እለፈልፋለሁ። መለፍለፍ ደግሞ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቡዳ የበላው ሰው ምልክት ነው። አባቴ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። እትዬ ጥሩ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም፣ ሌላም የማላውቀው ሥር ፍም ላይ ጨምራ ነጠላ አከናነበችኝና አጠነችኝ። እየሳልኩ እንባዬ ወረደ።

«ማነህ?» አለች እትዬ ጥሩ። የምትጠይቀው እኔን አይደለም፤ በላኝ የተባለውን ነው። «ተናገር! ማነህ? ከየት አግኝተህ በላኸው?»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት እችል ነበር።

እናቴ ግን «እስቲ ዳዊቱን ራስጌው ላድርግለት» ብላ ተነሣች። በጭሱ መካከል እጇ ወደ ማኅደሩ ሲዘረጋ አየሁ። ጣቷ ክዳኑን ነካ። የክብሪት ሳጥኑ ታየኝ፤ የአባቴ ፊት ታየኝ፤ ያ «እንደ ባሕታዊ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ።

«ይርጋ ነኝ!» አልኩ። «የተሰማ ልጅ ይርጋ ነኝ! ዳገቱ ላይ ነው ያገኘሁት!»

የእናቴ እጅ ቆመ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ያ እጅ ስለቆመ ደስ አለኝ።

እንደ ልማዱ የበላው ሰው ራሱ መጥቶ እንትፍ ካላለበት በሽተኛው አይለቀቅም። ወንዶቹ በትር ይዘው ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ይርጋን አመጡት፤ አያ ተሰማ ነጠላውን ደረቱ ላይ አስሮ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። «ጌቶቼ፣ ልጄ ምንም አላደረገም፤ ጌቶቼ...» ይላል። እሱ ያልሠራው አንድም ማረሻ በዚያ ግቢ ከቆሙት ሰዎች ቤት አልነበረም።

ይርጋ አጠገቤ ተንበረከከ። ከውድድሩ ወዲህ ውኃ እንኳ የሰጠው አልነበረም፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ወደ ጆሮዬ ተጠጋና እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ «ልንገራቸው?» አለኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሞገስ፣ ልንገራቸው ወይ?»

ጨፍኜ ቀረሁ። ቀና ብሎ አባቱን ያየ ይመስለኛል። በትሮቹንም። አሁን ክኒን ነው ቢል ማን ይሰማዋል? ቢሰሙትስ እኔ የቄሰ ገበዙ ልጅ ክጄ ማንን ያምናሉ?

«እንትፍ» አለ። ምንም አልወጣም። አፉ ደርቆ ነበር።

«በደንብ!» አለ አንዱ፣ በትሩን ከመሬት እያጋጨ።

«እንትፍ። እንትፍ።» ሦስት ጊዜ ታግሎ አንዲት ነጥብ ግንባሬ ላይ አረፈች። ሰዉ በእፎይታ ተነፈሰ። ራሱ አመነ ማለት ነው፤ እንትፍ አለ እኮ።

ቀጥሎ የሆነው እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል፤ ዳንኩ። መነሣት ስላልቻልኩ ክኒኑን አልዋጥኩም፤ ስላልዋጥኩ ሁለት ቀን ተኛሁ፤ በሦስተኛው ቀን ርቦኝ ተነሣሁና የቤቱን ምግብ ጨረስኩ። «አያችሁ?» አለች እትዬ ጥሩ። «ለቀቀው!» በገዛ ጤናዬ መሰከርኩበት። አሥር አለቃው ይርጋን ወደ አዲስ አበባ ሊልከው ቢፈልግም ሌሎቹ ሯጮች «ከሱ ጋር አንድ ማኪና ላይ አንሳፈርም» አሉ። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ያለ ይርጋ ሌላ ውድድር ይደረግ ተባለ።

አሁን የምጽፈውን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል። ይርጋ የለም፤ ያለ ክኒን ማሸነፍ እችል ነበር። ግን ክኒን የለመደው እግሬ ያለ ክኒን እርጥብ ግንድ ሆነ። ጠዋት መነሣት አቃተኝ፣ ዓለም ጨለመብኝ። ማኅደሩን እንደገና ከፈትኩ። ይርጋ በሌለበትም ይርጋን ፈርቼ ዋጥኩ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ልምምድ ላይ ሳለሁ ደረቴን አንድ ነገር ጨበጠኝ። ልቤ እንደ ደነገጠ ፈረስ ፈረጠጠ፣ ቆም አለ፣ እንደገና ፈረጠጠ። ግራ እጄ ደነዘዘ። ሲያደርሱኝ እናቴ ጮኸች፤ «ደግሞ በላው! ያ አውሬ ደግሞ በላው!» ግቢው ባንድ ጊዜ ሞላ። ወንዶቹ «አሁንስ እንትፍ አይበቃውም» እየተባባሉ ወደ ወንዙ ማዶ ሲነሡ አየሁ። አባቴ ግን ያን ቀን ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጭስም ምንም አልፈልግ። ሆስፒታል ይሄዳል!» አለ። በተገኘ ማኪና ተጫንኩ።

ሆስፒታሉ ደጅ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። ቁጥር የተጻፈባት ካርድ ሰጡንና ተቀመጥን። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ሕመማቸውን እንደ ዕቃ ታቅፈው ይጠብቃሉ። ከደንቢያ የመጣች አንዲት ሴት፣ እግሯ ያበጠ፣ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። «እንካ ወንድሜ፣ ፊትህ አመድ መስሏል» አለች። «ምን አገኘህ?»

«ሰው በላኝ» አልኳት።

«ይድፋውና!» አለች ከልቧ። አንድም ቀን ያላየችውን ይርጋን ረገመችልኝ። ብርቱካኑ አልዋጥልህ አለኝ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ። የምታስተረጉምለት ነርስ ያገራችን ልጅ ናት። ደረቴን አዳመጠ፤ ዓይኔ ውስጥ መብራት አበራ፤ ጥርስህን አሳየኝ አለ። ከዚያ ጠየቀ።

«ምን መድኃኒት ወስደሃል? ይላል» አለች ነርሷ።

«ምንም።»

ሌላ ጠየቀ። «ለሩጫ የሚሰጥ? ለእንቅልፍ?»

«ምንም አልኩ እኮ!» አባቴ አጠገቤ መስቀሉን ይዞ ቆሟል።

ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ተናገረ። ነርሷም እንዲህ ብላ ተረጎመችው፤ «ተኝተህ ልብህ ዳገት እየወጣ ነው። አንድ ነገር እየገረፈው ነው። ካወቅሁት አስቆመዋለሁ። ካላወቅሁት የምሰጥህ መድኃኒት ራሱ ሊገድልህ ይችላል።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «እኅቴ፣ ንገሪልኝ» አለ። «ነገሩ የሰው ዓይን ነው። የበላውን ሊያመጡት ሰዎች ሄደዋል፤ ዛሬ አይምሩትም።»

ነርሷ ይህን አልተረጎመችም። ወደ እኔ ዞረች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ዓይኗ ግን የእናት ነበር። «አንተ» አለችኝ ዝግ ብላ፤ «እስክትሞት ነው የምትጠብቀው ወይስ እስኪሞት?»

ልቤ ሁለት ምት ዘለለ። እስከ ዛሬ ከሕመሙ ይሁን ከቃሏ አላውቅም።

«ዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ነው» አልኩ። «ክብሪት ሳጥን አለ። ክኒን ነው። ከኅዳር ጀምሮ። ጾሙም... አባባ፣ ጾሙም ክኒኑ ነበር። ይርጋ ምንም አላደረገኝም። ውኃ ነው የሰጠኝ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ይሻል ነበር። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ፤ ከዚያ ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወጣና ሮጠ። ስድሳ የሞላው ካህን፣ ጥምጣሙ ተፈትቶ ከኋላው እየተጎተተ፣ ከሆስፒታሉ እስከ ወንዙ ማዶ ሮጠ። ከቤታችን እውነተኛ ሩጫ የሮጠው እሱ ብቻ ነው።

ሲደርስ የጣራውን ሣር ግማሽ አውርደው ነበር። ወናፉን በማጭድ ቀደውታል። ይርጋ በሩ ላይ ቆሞ ሲከላከል ትከሻው ተፈንክቷል፤ አያ ተሰማ ቀኝ እጁን በዱላ ተመቷል። አባቴ በመካከላቸው ገብቶ መስቀሉን አነሣ። «ልጄ ነው ሐሰተኛው! የኔ ልጅ ነው!» አለ። ይህን በሕዝብ ፊት መናገር ለሱ ምን እንደነበር የምታውቁት ካህን አባት ያላችሁ ብቻ ናችሁ።

ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ሐኪሙ የልብ ምት መዛባት አለው፤ ልብ ሥርዓቱን ስቶ አንዴ ሲጣደፍ አንዴ ሲዘገይ ማለት ነው፤ ክኒኑ ያለ ዕረፍት ገርፎ አድክሞታል አለ። እናቴ ያንገቷን ድሪ ሸጠች፤ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ክኒኑ ሲለቀኝ የመጣው ጨለማ ከደረቱ ሕመም ይከፋ ነበር፤ ግድግዳ እያየሁ የምውልባቸው ቀናት ነበሩ። ያቺ ነርስ ተራዋ ባይሆንም እየመጣች ትራሴን ትገለብጥልኝ ነበር። ስወጣ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሩጫ የለም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ሲያመልጠኝ እንኳ በክብር ነው የማየው።

በመጀመሪያው እሑድ አባቴ ሰንበቴ ላይ አቆመኝ። ጠበሉ ተቀምሶ፣ ሰዉ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ነበር። ሁሉን ተናገርኩ። የክብሪት ሳጥኑንም አውጥቼ አሳየሁ።

«አይ ምስኪን» አለች እትዬ ጥሩ። «አሁንም እሱ ነው የሚያስለፈልፈው።»

«ክኒኑንስ?» አልኳት ሳጥኑን ወደ እሷ እየዘረጋሁ።

«እሱን ደግሞ ማን አስገባልህ? ያው ነዋ!»

እንግዲህ ያኔ ገባኝ። ስዋሽ ባንዲት ቃል አመኑኝ። እውነቱን ስናገር ሕመሜ ነው አሉኝ። አያ ተሰማ ጋ የሚመጣ ጠፋ፤ የመጡትም ሸማቸውን አፋቸው ላይ ጥለው በሩቅ ነው የሚገዙት።

በማግሥቱ ወንዙን ተሻገርኩ። ይርጋ ፍሙ አጠገብ ተቀምጦ የተቀደደውን ወናፍ በጠፍር እየሰፋ ነው። ቀና አላለም።

«ይቅርታ ልጠይቅህ መጣሁ» አልኩ።

«ጠየቅህ?»

«አዎን።»

«እሺ። ሂድ እንግዲህ።»

አልሄድኩም። መሄጃ አልነበረኝም። የያዘውን ጠፍር ሰፍቶ ሲጨርስ «ሐኪሙ ምን አለህ?» አለኝ።

«አትሩጥ። ከባድ አታንሣ። ተቀምጦ የሚሠራ ቀላል ሥራ ሥራ።»

ወናፉን ወደ እኔ ገፋው። «በል ተቀመጥና ንፋ። የአባቴ እጅ አልዳነም፤ እኔ ነኝ የምቀጠቅጠው።»

ክረምቱን ሙሉ ነፋሁ። መጀመሪያ ሃያ ምት እንኳ አልችልም ነበር፤ ደረቴን ይዤ አርፋለሁ። ይርጋ «ቄሱ ደከሙ?» ይለኛል፣ ሳይስቅ። በምሳ ሰዓት አያ ተሰማ ቂጣና ሽሮ ያቀርባል፤ ለእኔ የብቻዬን ሳህን ሊያደርግልኝ ሲል እምቢ ብዬ ከእነሱ ጋር በላሁ። ውኃም ከይርጋ ጣሳ ጠጣሁ። ገበሬዎች ለእርሻ ማረሻ ሊያስጠግኑ ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። አንዱ «አያ ተሰማ፣ ይኼን ልጅ ለመቼ ነው የምትቀልበው?» አለ። «ለገና» አለ አያ ተሰማ፣ ፍሙን እየቆሰቆሰ። እኔ ስቄ ወናፉን ሳትኩ። ገበሬውም ሊስቅ አስቦ ፈራ።

እኔም አልሞትኩ። እንዲያውም ወፈርኩ። መስቀል ሲደርስ ቦርጭ አወጣሁ፤ በሰፈራችን በዚያ ዕድሜ ቦርጭ ያወጣ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። የአፌን ኑዛዜ ያላመነ ሰው ቦርጬን ያምን ጀመር። አንዱ ሸማውን ከአፉ አወረደ፤ ሌላው በሩ ጋ ቀርቦ ቆመ፤ ኅዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ገብቶ ፍሙ አጠገብ ተቀመጠ። ሁሉም ግን አልተመለሰም። እትዬ ጥሩ እስክትሞት ድረስ በዚያ መንገድ አላለፈችም። ያን የሠራሁት እኔ ነኝና የሷን ኃጢአት ለሷ ብቻ አልተውም።

ጥር መጣ። አሥር አለቃው «ይርጋ ይሮጣል፤ የማይፈልግ ይቅር» አለ። ሁለት ቀሩ፤ ሌሎቹ ሮጡ። እኔ የወደቅሁበት ዳገት ላይ፣ ያን ከዛፍ ይንጠለጠል የነበረውን ጣሳ ውኃ ሞልቼ ቆምኩ። ሰዉ ዙሪያውን ይመለከተኛል። እያዩኝ መጀመሪያ እኔ ጠጣሁለት።

ብቻውን መጣ። ከኋላው የማንም ኮቴ የለም። ወደ ድሉና ወደ አዲስ አበባ እየሄደ ነው፤ እዚያ ሄዶም አላሸነፈም፣ ግን ሄደ። ጣሳውን ዘረጋሁለት። ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነጠቀኝ፣ አፉን ሞላ፣ ዓይኔን አየኝ፤ ከዚያ ያን ሁሉ ውኃ «እንትፍ!» ብሎ ፊቴ ላይ ረጨውና አለፈ።

ሰዉ ጮኸ። ገሚሱ ሳቀ፤ ገሚሱ በድንጋጤ አማተበ። ምሕረት ይሁን ብድራት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ፊቴን ሳልጠርግ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ያን ጊዜ አፉ ደርቆ ነበር። አሁን ሞልቶለት ነበር።